ያላልኩት ማሻአላህ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ዛሬ ዘሃራ ከጓሮዋ ኮክ በሳህን ሞልታ ይዛልን መጣች። ጎረቤቴ ናት፤ ከጂዳ ከተመለሰች ወዲህ የማታውቀው ነገር የለም። ችግኙን ሐይቅ ገበያ አብረን ገዝተን በአንድ ቀን ነው የተከልነው። የሷ ፍሬ ጡጫ ያክላል። የኔ የርግብ እንቁላል እንኳ አያክልም።

ፍሬው ገና እንጭጭ ሳለ ግማሹን እየቀነጠሰች ስትጥል አይቼ፣ «የአላህን ሲሳይ መሬት ትደፋለች» ብዬ ለመንደሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ለካ የቀረው እንዲወፍር ኖሯል። እኔ አንድም ሳልነካ ትቼው ቅርንጫፉ ከብዶት ተገነጠለ።

ባሌ ሰይድ አንዱን ሲገምጠው ውሃው በጢሙ ላይ ወረደ። «ማሻአላህ! ኮክ ማለት ይሄ ነው ወላሂ» አለ። የኔን በልቶ እንዲህ ብሎ አያውቅም። አማቴም ማሻአላህ አሉ። ዘሃራ ወደኔ ዞራ ጠበቀች። ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ቆይ፣ ሳህኑን ልጠብልሽ» አልኳት።

እሷ ስትወጣ አማቴ አፈጠጡብኝ። «አንች፣ ምነው ማሻአላህ ሳትይ ቀረሽ? ነገ ከዛፏ አንድ ፍሬ ቢረግፍ ያንች ዓይን ነው የሚባለው።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ንፋስ ተነሳ። የሷ ዛፍ በተንሿሿ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። መግሪብ ሳይደርስ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ማንም እንደማያየኝ ካረጋገጥኩ በኋላ ቀስ ብዬ «ማሻአላህ» አልኩ።

ለዛፉ ነው ያልኩት። ለሷ አይደለም።