ግርዶሽ ያሳጣኝ ፓውዛ

ወዳጄ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን፣

እርር ድብን ብዬ ነው የምጽፍልህ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ ለማየት ነበር። የሆቴሉ ጣሪያ ላይ ተኮልኩለን ስናንጋጥጥ ቀኑ ድርግም ብሎ ጨለመ፤ ወፎቹም ዝም አሉ። ጥቁሩን መነጽር ሳወልቅ የጣሪያው ፓውዛ ሁሉ ቦግ ብሎ ዓይኔን አጥበረበረው። ጥበቃውን አጥፋልን ብለው፣ «ሲጨልም በራሱ ነው የሚበራው ጌታዬ፤ የማጥፊያው ክፍል ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው» አለኝ። ሥራ አስኪያጁስ? ግርዶሹን ከተራራ ላይ ሊያይ ሄዷል። እሱ እስኪመለስ ፀሐይዋ ወጥታ ቁጭ አለች። መብራት ጠፋ ብዬ ከምሳህ የማስነሳህ እኔ፣ እንዲጠፋልኝ ስለት ተሳልኩ።

ቦታ አለቀብኝ፤ የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ምናለ አንተ ፒንሳህን ይዘህ አጠገቤ በነበርክ።