የያዮን ከብቶች ከማሳዬ ያባረረ ድጎማ

ይድረስ ለክቡር የተፈጥሮ እርሻ ሽግግር ድጎማ አስተባባሪ
ከሚሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ እንዴት ናቸው? መኪናዋን የጠየቅኩት ከናፍቆት ነው፤ አምና ለስብሰባው መጥታ አቧራዋን አልብሳን ከሄደች ወዲህ ደጄ ላይ ቆማ አላየኋትምና ሐሳብ ገብቶኛል።

እኔ ዑሙልኸይር ሙሀመድአሚን እባላለሁ። ባለቤቴ ኑርሁሴን ካረፈ ወዲህ ቦርከና ዳር ያለችንን ማሳ ይዤ ልጆች የማሳድግ አራሽ ነኝ። ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ ማሳዬ ላይ በተከላችሁት ሰሌዳ «ሞዴል አርሶ አደር» ተብዬ ከተጻፍኩ ጀምሮ ራሴም አንዳንዴ ማን እንደሆንኩ ይጠፋኛል።

በአደባባይ የጻፍኩልዎ ላሳጣዎ ብዬ አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ እዚያው ስብሰባው ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያነብልዎ ደግ ሰው ቢገኝ ብዬ ነው። እንዳይደክምዎም ነገሬን በተራ በተራ አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዱዓው አመሰግናለሁ። ዩሪያ ትታችሁ በተፈጥሮ ማዳበሪያ ብታርሱ ትደጎማላችሁ ብለው ዋርካው ሥር የሰበሰቡን ዕለት፣ እንደ አገራችን ልማድ ሼኹ ዱዓ አድርገው ቃላችንን አሰሩት። እኛ መዳፋችንን ዘርግተን፣ ዩሪያ ማሳችን ላይ አይደርስም፣ ባለሙያችሁ ያዘዘንንም እንፈጽማለን ብለን አሚን አልን። እርስዎም መዳፍዎን ዘርግተው፣ ኮምፖስቱን ከክረምት በፊት ልናደርስ፣ የሚጎድልባችሁን ምርት ደግሞ በእህል ልንተካ ብለው ከሁላችንም በላይ ጮክ ብለው አሚን አሉ። ድምፅዎ ያምራል።

ሁለተኛ፣ ስለ አጥሩ። ባለሙያዎ ማሳዬን ዞሮ ካየ በኋላ ምንጩ ያልታወቀ ፍግ እንዳይገባበት በእሾህ እንዳጥረው አዘዘኝ። ምንጩ ያልታወቀ ያለው የያዮን ከብቶች ነው። ያዮ በየበጋው ከአፋር ቆላ ከብቶቹን እየነዳ የሚመጣ ወዳጃችን ነው፤ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቶቹ አገዳውን እየበሉ እኛ ማሳ ላይ ያድራሉ፣ ፍጋቸውን ትተውልን ይሄዳሉ። አባቱና የባለቤቴ አባትም እንዲሁ ነበሩ። እናንተ የተፈጥሮ ማዳበሪያ የምትሉትን ነገር እኛ ቤት ያዮ ነበር የምንለው።

አሚን ብያለሁና አጠርኩ። ያዮ መጥቶ እሾሁ ፊት ከብቶቹን አቆመ። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ትእዛዝ ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ፣ ለእኔ ያልገባኝን ለእሱ ማስረዳት ግን አቃተኝ። «ኑርሁሴን ቢኖር ይህን አጥር አላይም ነበር» ብሎኝ ከብቶቹን መልሶ ነዳ። ክቡር ሆይ፣ ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ያኔ የተናደድኩት በራሴ ነበር፤ ዛሬ በእርስዎ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ትሎቹ። ኮምፖስት ያዘጋጁልናል የተባሉት ትሎች ለአረፋ በዓል ሰሞን በካርቶን ሆነው ቢደርሱም፣ መጋዘን ተቆልፎባቸው ባለ ቁልፉ ከበዓል እስኪመለስ በሙቀት አለቁ። ከመሥሪያ ቤትዎ ለቅሶ የደረሰ ሰው አላየሁም። ኮምፖስቱም እህሉም ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ። ስለ ተላከልኝ ኮፍያ ግን ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ የቀጨጨ ማሽላዬን ስኮተኩት ከፀሐይ ጋርዶኛል።

አራተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ብጠብቅዎ ጊዜ አፈር ትዕግሥት ይፈልጋል ብለዋል የሚል መልእክት በጸሐፊዎ በኩል ደረሰኝ። እውነት ነው፣ አፈር ይታገሣል። ልጆቼ ሱዓድና ነጂብ ግን አፈር አይደሉም፤ ራት ይፈልጋሉ።

በተፈጥሮ ማረስን ጠልቼ እንዳይመስልዎ። ከእናንተ ሰሌዳ በፊት የኖርኩበት ነው፤ ዩሪያውንም እስከ ዛሬ አልነካሁም፣ ቃሌን በልቼ አላውቅምና። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ማሽላው ሊሰበሰብ ነው፣ የያዮም መምጫ ደርሷል። ወይ ያሉትን ይፈጽሙ፣ ወይ እዚያው ዋርካ ሥር ቆመው በሼኹ ፊት ከቃሌ ይፍቱኝ። አጥሩን የማነሣው እኔው ነኝ፤ እሾህ እንዲወጋዎ አልሻም። ባይመጡ ሼኹን ለምኜ ብቻዬን ከቃሌ እፈታለሁ፤ ከዚያ ያዮ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አጥሩን ማን እንዳሳጠረኝም በስምዎ እነግረዋለሁ።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ስብሰባዎም እንዲያልቅልዎ ዱዓ እያደረግኩ፣
በሰሌዳ ሞዴል፣ በጎተራ ባዶ የሆንኩት አክባሪዎ
ዑሙልኸይር ሙሀመድአሚን
ከጨፋ፣ ኅዳር

ይህንንም ይጨምሩልኝ፦ ባለፈው ጥቅምት ከላይ የመጡት እንግዶችዎ ፎቶ የተነሡበት ያ ፍሬው የከበደ ማሽላ የኔ አይደለም፣ የጎረቤቴ የሙሳ ነው። ሙሳ ዋርካው ሥር አሚን ሳይል የሄደው ሰው ነው፤ አምና የያዮ ከብቶች ያደሩትም እሱ ማሳ ላይ ነው። ሰዎችዎ የእኔን ሰሌዳ ነቅለው እዚያ ሲተክሉት ከአጥሬ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። እባክዎ ያስመልሱልኝ። ፍየሎቼ ጥላው ሥር ይተኙ ነበር፤ ከድጎማው የደረሳቸው እነሱ ብቻ ናቸው።