ምርምሩ ከሥጋ ቤት ይውጣልን

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቦሰት የሳይንስ ዩኒቨርሲቲ
የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት ጽ/ቤት
አዳማ

ጉዳዩ፦ በምሳ ገበታ ላይ ከምርምር ቡድን መሰረዜን፣ «ለትብብር ፍላጎት የላትም» መባሌንና ለዓለም ጤና ከተማ ነዋሪዎች የተገባው ቃል መታጠፉን ይመለከታል።

ክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት፣

እኔ አመልካች ፋዲላ አብዱናሲር በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል መምህርት ነኝ። ጉዳዬን ለትምህርት ክፍሉም ለኮሌጁም አመልክቼ «እንነጋገርበታለን» ከሚል በቀር መልስ አላገኘሁም። ተነጋግረውበት ከሆነ የት እንደተነጋገሩበት አውቃለሁ። አቤቱታዬም ስለዚያው ቦታ ነው።

1. የትምህርት ክፍላችን የውኃ ምርምር ቡድን የሚሰበሰበው ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ከግቢው በር ማዶ ባለው ሥጋ ቤት ነው። ሐሙስ የተመረጠው ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ነው። ለጾመኛው መታሰቡ መልካም ነው፤ በዚህ አልነቅፋቸውም። ቁርጡ ቀርቦ አዋዜው እየዞረ፣ ማን በየትኛው ፕሮጀክት እንደሚገባ፣ በጽሑፉ ላይ የማን ስም እንደሚቀድም፣ ማን መስክ እንደሚወጣ እዚያ ይወሰናል። ቃለ ጉባኤ የሚባል ነገር የለም። ዓርብ ጠዋት ቢሮ ስንገባ የሚነገረን ያለቀለት ነገር ነው።

2. እኔ ሙስሊም ነኝ። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን ሥጋ እንደማይበላ አዳማ ላይ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሰርግ ሲደግሱ እንኳ ለእኛ ለብቻው በሙስሊም እጅ ያሳርዳሉ እንጂ «ከፈለጋችሁ ኑ፣ ካልፈለጋችሁ ቅሩ» ብለውን አያውቁም። ባልደረቦቼ ይህን ያደረጉት በክፋት ነው አልልም። ሲበሉ ማን እንደቀረ ቀና ብለው አላዩም፤ በደሉም ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ደፍሬ ሄጄ ነበር። ለስላሳ አዝዤ ተቀመጥኩ። ባልደረቦቼ አፍረው፣ እኔን ያከበሩ መስሏቸው ሥጋውን ከፊቴ እያራቁ፣ እነሱም ከሥጋው ጋር እየራቁ ሄዱ። በመጨረሻ እኔና ጠርሙሴ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ብቻችንን ቀረን። የሚወሰነው ሁሉ ከወዲያኛው ጫፍ ነበር፤ አንዱንም አልሰማሁም።

3. ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ተዘጋና ስብሰባው ወደ ላቦራቶሪ መጣ። ያኔ ነው ይህ ቡድን ምን መሥራት እንደሚችል ያየሁት። ለሐሙሱ ምሳ የማይጠሩት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ተናገሩ። ጡት የምታጠባ ባልደረባችን ልጇን አቅፋ ተከራከረች። እኔም የዓለም ጤና የጉድጓድ ውኃ ይመረመር የሚለውን ሐሳቤን አቀረብኩ፤ ቡድኑም ተቀበለው። ዓለም ጤና የተወለድኩባት ከተማ ናት። ክቡርነትዎ ያገኙኝ ዕለት ስስቅ አፌን በእጄ ስሸፍን አይተው ይሆናል፤ ጥርሴን ቡናማ ያደረገው በውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው።

ከባልደረባዬ ከሚልካ ምልኬሳ ጋር ሄደን የሦስት ጉድጓድ ውኃ ቀዳን። አዴ ጂቱ የሚባሉ እናት የልጅ ልጃቸውን ከንፈር ገለጥ አድርገው ጥርሱን አሳዩኝና በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ከሦስቱ የትኛውን እናጠጣቸው?» አሉኝ። ውጤቱ እንደታወቀ መጥቼ እነግርዎታለሁ ብዬ በቡድኑ ስም ቃል ገባሁ። ውጤቱም ታወቀ። ሕፃናት ሊጠጡት የማይገባው ጉድጓድ የትኛው እንደሆነ ዛሬ እናውቃለን፤ የማያውቁት የሚጠጡት ብቻ ናቸው።

4. ፋሲካ ሲፈሰክ ስብሰባው ወደ ሥጋ ቤቱ ተመለሰ። በአንዱ ሐሙስ፣ ውጤቱ በጆርናል እስኪወጣ ለነዋሪው እንዳይነገር፣ የጥናቱም ሁለተኛ ምዕራፍ ያለ እኔ እንዲቀጥል ተወሰነ። በማግስቱ ሚልካ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋችና፣ «ፋዲ፣ ትናንት እኮ አወጡሽ። እኔም እየበላሁ ዝም አልኩ» አለችኝ። ስሟን ጠቅሼ ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት። ከዚያች ቀን ወዲህ እሷም ሐሙስ ምሳዋን ቢሮ ትበላለች።

5. በሰኔ ወር በተሞላልኝ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ «ለትብብር ፍላጎት የላትም» የሚል ሰፍሮ አገኘሁ። የቡድኑን መሪ ዶ/ር ኤባ ጫምሳን ስጠይቃቸው፣ «ጠርተንሽ ነበር፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ከልባቸው አዘኑና መፍትሔ ያሉትን አመጡ። ከእንግዲህ ለእኔ ከባቱ ዓሣ እየመጣ፣ እዚያው ሥጋ ቤት ተጠብሶ ይቀርብልኛል። ዓሣ እንደ ሥጋ በማን እጅ ታረደ ስለማይባል ሁላችንም እንበላዋለን፤ ደግነታቸው አልጠፋኝም። ነገር ግን የባቱን ዓሣ ሲያምረኝ ገዝቼ እበላለሁ። እኔ ያጣሁት ምሳ አይደለም።

6. በዚህ ወር መጀመሪያ ደግሞ አቤቱታዬን ከተውኩ ወደ ቡድኑ «በናሙና ሰብሳቢነት» እንደምመለስ በሽማግሌ ተላከብኝ። ሽማግሌ አከብራለሁ። የራሴ ጥናት ውኃ ቀጂ ሆኜ ለመመለስ ግን አልስማማም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለው፣ ያን መልእክት የላኩብኝ ንቀውኝ ነው፤ በጣምም ተናድጃለሁ። ይህንንም በጨዋ ቋንቋ ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም።

ስለዚህ ጽ/ቤቱ የሚከተለውን እንዲያደርግልኝ አመለክታለሁ። የምርምር ቡድን ስብሰባ ሁሉ በግቢው ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት፣ በቃለ ጉባኤ ይሁን፤ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችም ይጠሩበት። ያለ እኔ የተወሰነው ይሻርና በጥናቱ ውስጥ የነበረኝ ቦታ ይመለስልኝ። በምዘናዬ ላይ የሰፈረው ዓረፍተ ነገር ይነሣ። ከስብሰባው በኋላ አብረው ሥጋ መብላታቸውን የሚከለክል የለም፤ ይብሉ፣ ይስማማቸው። የበሉበት ጠረጴዛ ላይ ግን የእኔን ሥራ አይቁረጡብኝ።

የጉድጓዱን ነገር በልመና ዝርዝሬ ውስጥ ያላስገባሁት ረስቼው አይደለም። ለዚያ ፈቃድ አልጠይቅም። ጆርናሉ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ የአዴ ጂቱ የልጅ ልጅ ጥርሱን እያበቀለ ነው፤ የበቀለም እንደሆነ እንደ እኔ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን ጠዋት እኔና ሚልካ ዓለም ጤና ሄደን የትኛው ጉድጓድ ለሕፃናት እንደማይሆን ለእናቶቹ እንነግራለን። ቅጣት ካለው ፊርማዬ ከዚህ በታች ነው። መሄዴ የተቆረጠ ነውና፣ ለክቡርነትዎ የሚቀረው ውሳኔ ዩኒቨርሲቲው አብሮን ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለው ብቻ ነው።

ከማይጎድል አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ፋዲላ አብዱናሲር (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለውኃ ምርምር ቡድን አባላት በሙሉ፣ በየቢሯቸው