ዓላማዬን ልጻፍ ወይስ ልተወው

ለውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? በቀደም በስልክ ድምፅሽ አላማረኝም። አንቺ እንደሆንሽ ወድቀሽም ደህና ነኝ ባይ ነሽ። የላክሽልኝ የደረቀ ዓሣ ደርሶኛል። ባለቤቴ ሞሪሂኮም ደህና ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው፣ ቴሌቪዥኑም አብሮት።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሥራ ነው። በዚህ ዕድሜሽ ምን ቆርጦሽ ትያለሽ፣ አውቃለሁ፤ እስቲ መጀመሪያ ስሚኝ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው የተማሪዎች ማደሪያ ምግብ አብሳይ ይፈልጋል። ማስታወቂያው ላይ "ለፈለገች መኖሪያ ክፍል አለ" ይላል። ይቺ ካመለጠችኝ እንዲህ ያለ ሥራ በከተማችን አላገኝም ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሲቪ እንደምታውቂው በአገራችን ልማድ በታተመ ቅጽ ላይ በእጅ ነው የሚጻፈው፤ ትንሽ ከተበላሸ ወረቀቱ ይጣላል። ስሜና ትምህርቴ አላስቸገሩኝም። ከግርጌ ያለችው "የሥራ ዓላማና ፍላጎት" የምትል ሳጥን ግን ያዘችኝ። ሰው ሁሉ እዚያ ላይ "በድርጅቱ ደንብ እመራለሁ" ብሎ ያልፋል። የሥራ ማገናኛ ቢሮው አቶ ናጋሴም፣ "እትዬ፣ እሷኑ ይጻፉና ይገላገሉ። በእርስዎ ዕድሜ ዓላማ ሲያበዙ ቀጣሪ ይሸሻል" አለኝ። ጎረቤቴ ኩኒዮ ይህን ስትሰማ ጮኸችብኝ፤ "አንቺ ሞኝ! የምትፈልጊውን ካልነገርሻቸው በምን ያውቁልሻል? ጠንቋይ ናቸው እንዴ?"

እኔ ግን ፈርቼ የአቶ ናጋሴን ጻፍኩ። ሞሪሂኮ በትከሻዬ በኩል አየና ሳቀ። "ዓላማ? ያንቺ ዓላማማ ምሳ ማድረስ ነው። ይልቅ ሻዩስ?" አለኝ። ተነስቼ ቀዳሁለት። ዞር ብዬ ስመለስ ኩባያውን ከነጠብጣቡ ወረቀቴ ላይ አስቀምጦታል። አልተናደድኩም ብልሽ ውሸት ነው፣ አንጀቴ አርሯል።

አዲስ ወረቀት አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። ሳጥኗ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። በደንብ መመራትማ፣ እማዬ፣ ስንት ዓመት ተመራሁ! እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "መኖሪያ ክፍሉን እፈልጋለሁ። ዓላማዬ እዚያው እየኖርኩ እስካረጅ መሥራት ነው።" ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከከተትኩት በኋላ ቆጨኝ። አለቀልኝ፣ አይጠሩኝም አልኩ።

ጠሩኝ። የማደሪያው ኃላፊ ወይዘሮ ኡራቤ በዕድሜ ከኔ ትበልጣለች። መነጽሯን አድርጋ ሁሉንም አነበበችና ሳጥኗ ላይ ቆመች።

"ቤትሽ እኮ እዚሁ ነው፣ በብስክሌት አሥር ደቂቃ አይሞላም። ክፍሉ ለምን አስፈለገሽ?" አለችኝ።

"ቁርስ እንዳይዘገይብኝ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችና፣ "ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ፀሐይ ግን ያገኛል። በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ ትንሽ ያስቸግራል፣ ገፋ አድርጊው" አለችኝ። ደህና ሆኜ ወጥቼ ብስክሌቴ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። ሰው አየኝ አላየኝ ግድ አልሰጠኝም።

ሰኞ እጀምራለሁ። ለሞሪሂኮ የሩዝ ማብሰያው እንዴት እንደሚሠራ አሳይቼዋለሁ። ለምን እንደማሳየው አልጠየቀኝም።

እንግዲህ እማዬ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የጓሮሽን የካኪ ፍሬ ትልኪልን የለ? ዘንድሮ ካርቶን ሙሉ አትላኪ፤ ጉልበትሽም አይችልም። ከፖስታው ጀርባ በጻፍኩት አዲስ አድራሻ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ብቻ ላኪልኝ።

ጉልበትሽን አሙቂው። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ክፉሽን አያሰማኝ።

የበኩር ልጅሽ