ማንም ያልለበሰው ስድስት ቁጥር

ውድ ልጄ ፊያክራ፣ ባሕር ማዶ የፐርዝ ፀሐይ አይክበድህ፤ አምላክ ከሥራ አደጋ ይሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል።

በዱላ ኳስ የሚመታበት የሰፈራችን የሀርሊንግ ቡድን ለታችኛው ዲቪዚዮን ፍጻሜ ደርሷል። እሁድ ከተሸነፍን ግን ተጫዋች ስላነሰን ከጎረቤቶቻችን ከኪልበራኖች ጋር እንቀላቀላለን። አሰልጣኙ ማላኪ ያጠብኳቸውን ማልያዎች ሊወስድ መጥቶ፣ «እትዬ ኖራ፣ ኪልበራኖች “ማልያችሁን ለወለል መወልወያ እንፈልገዋለን” እያሉን ነው። ያንን ስድስት ቁጥር ለታናሽ ወንድሜ ይስጡኝ» አለኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ማንም አልለበሰውም፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ከሌሎቹ ጋር አጥበዋለሁ።

«ልጄን ልጠይቀው» አልኩት።

ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ና ለማለት አፍ የለኝም። የምትረግጠው ሁሉ ይቅናህ። ይልበሰው ካልክ እሰጠዋለሁ፤ እመጣለሁ ካልክ ግን እስከ እሁድ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቅሃል።

እናትህ ኖራ