ሰይድ የለካው ግድግዳ

ሰይድዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ስድስት ዓመት ሞላ። ዛሬ የምጽፍልህ ለለቅሶ አይደለም፤ የምሥራች ስላለኝ ነው።

ታናሿ ልጃችን ማክሰኝት አስተማሪ ሆናለች። የግቢያችን ኮክ ዘንድሮ ለጎረቤት ሁሉ ተርፏል። ትልቁ ወሬ ግን የልብስ ፋብሪካችን ነው። ስፌቱ ከቆመ ወዲህ ተዘግቶ የኖረው አዳራሽ ለቤተ መጻሕፍት ታደሰ።

አንተ ቆራጭ፣ እኔ ሰፊ ሆነን ስንሠራ፣ ጣሊያን ለመኪና መጠገኛ የሠራው ቤት ነው ይሉን ነበር። ወፍራሙን የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለውን ጣራ ትወደው ነበር። የምሥራቁ ወገን ግን ጨለማ ስለነበር በቀን መብራት አብርተን እንሰፋ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከአንገትህ የማይወርደውን ሜትር ይዘህ ቤቱን ከውጭም ከውስጥም ለካኸው። የግድግዳው ውፍረት ተቀንሶ እንኳ የውጩ በአንድ ክንድ በለጠ። ይህ ቤት ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል፣ ከዚህ ግድግዳ ኋላ መስኮት አለ አልክ። ጓደኞችህ ሰይድ ለፋብሪካው ሱሪ ሊሰፋለት ነው ብለው አሽካኩ። እኔም በእኔ እንዳይስቁብኝ ፈርቼ፣ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ። አየት አደረግኸኝና ሜትርህን ጠቅልለህ ኪስህ ከተትክ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቱ አንስተህ አታውቅም። እኔም ይቅርታ ሳልልህ ሄድክ።

ባለፈው ወር እድሳቱን ላይ ገባሁ። ሠራተኞቹ ያንኑ ግድግዳ ሊለስኑ ሲሚንቶ አቡክተዋል። ባሌ ለክቶታል፣ ከኋላው መስኮት አለ አልኳቸው። ወጣቱ ፎርማን፣ እማማ ባለቤትዎ ግንበኛ ነበሩ እንዴ አለኝ። የልብስ ቆራጭ ነበር ስለው ሁሉም ሳቁ። አሁን እኔ አልሳቅሁም። ሜትርህን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ከዚያ መዶሻ አስመጣ።

ሰይድዬ፣ አንድ መስኮት አለ ብለህ ነበር፤ ተሳስተሃል። ሦስት ናቸው! አናታቸው ክብ፣ ብረታቸው አረንጓዴ። ከውጭ የለበሰው ቆርቆሮ ሲነቀል የጠዋት ፀሐይ እስከ ወለሉ መሐል ገባች። ግንበኞቹ አጨበጨቡልህ። እኔ፣ ያኔ የሳቅሁብህ፣ እልል አልኩ።

ይህን የምጽፍልህ ከመካከለኛው መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው። በሸሚዝ አንገት ላይ ከተሰፋ ጽሑፍ ፊደል ስለቅም የነበርኩት፣ ዛሬ ሙሉ መጽሐፍ በፀሐይ አነባለሁ። ሜትርህን አጠገቤ ሰቅለውታል። ምንድን ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ ሰይድ ልክ እንደነበር እነግረዋለሁ፤ የእኔንም ሳቅ አልደብቅም።

ያንተው ዘይነባ