ምላጭ ጠይቄ ነበር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የሕዝቅያስ ጠመንጃ በዛሬው ዕለት ሁለት እግር ማውጣቱን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እግሮቹ ታጣፊና ተዘርጊ ሲሆኑ የመጡት በፖስታ ነው። ጠመንጃውም ቤተሰቡም በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ። ይህን ማስታወሻ ከእኔ በቀር የሚያነበው ስለሌለ ደስታውን የምካፈለው እኔው ነኝ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። የምንኖርባት ከተማ፣ ፋርመርስ ብራንች፣ እንደሞቀች ናት። ጉልበቴ ደህና።

ጠመንጃ ስል... ያቺን ባለ ትንሽ ጥይቷን ማለቴ ነው። ትዌንቲ ቱ ይሏታል። ጥይቷ የትንሿን ጣቴን ግማሽ አታህልም። የጠመንጃዋ መቺ የጥይቷን መቀመጫ መሀሉን ሳይሆን ጠርዙን ነው የሚመታው ብሎ አስረድቶኛል። ለጣሳና ለጥንቸል የተሠራች ናት። እሱ ግን የሚያስታጥቃት ድንበር ልትጠብቅ የምትሄድ ይመስል።

አማቼ ጥሩ ሰው ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ልጄን ዓለምጌጥን ያከብራል፣ እኔን አንቱ ይላል። አንድ ጥፋት ብቻ... ጋራዡ። ጋራዡ የእኔ ክፍል ሊሆን ነበር። እስካሁን የምተኛው ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። ፍሪጅ ሊከፍት የሚነሳ ሁሉ በራስጌዬ እያለፈ "ነቁ እንዴ?" ይለኛል። አልነቃሁም ነበር! ዳዊት ስደግም ቴሌቪዥኑ አብሮኝ ይደግማል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የሚዘጋ በር። ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ሙቀቱ ይብረድ ተባለ። በመሀል እሷ መጣችና ጋራዡን ያዘችው።

ጠመንጃ ክፍል አላት። እኔ የለኝም።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

አዋጅ ወጣ! ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ። አዋጅ አውጪዋ ዓለምጌጥ።

"ሕዝቄ፣ ስማኝ። ያንን የተርኪ ውድድር ካሸነፍክ ጋራዡን ውሰደው፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካላሸነፍክ ግን የአባዬ ነው። ዲል?"

"ዲል!" አለ። አላመነታም።

ውድድሩ ዴንተን ከተማን አለፍ ብሎ ባለ የተኩስ ሜዳ ነው። ለፈረንጆቹ የምስጋና በዓል ያሸነፈው ተርኪ የሚሏትን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ይሸለማል፤ በረዶ ሆና የደረቀች። የሚገርመው በዓሉ የሚውለው የነቢያት ፆም ከገባ በኋላ ነው። ሰውዬው የሚዘምተው ለማይበላት ወፍ!

"ፍሪዘር አለ እኮ አባባ። እስከ ገና ትቆያለች።"

ሁሉን አስቦበታል።

እኔስ ምን ላድርግ? እንዲሸነፍ ልጸልይ? ነውር ነው። ልምከረው እንዴ?... መምከር እንኳ ነውር የለውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ጋራዥ ገባሁ። "ሰደፉ አሁንም እንጨት ነው እንዴ?" አልኩ። ይህችኑ ብቻ።

"ምነው አባባ?"

"ኧረ ምንም... ገመቹስ በምንድን ነው የሚወዳደረው?"

ገመቹ አብሮት መጋዘን የሚሠራ ልጅ ነው። "ገመቹማ የጎረቤቱን ተውሶ ነው!" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ሰደፉን ሲደባብስ ትቼው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አዲስ ሰደፍ መጣ። ፕላስቲክ። ይረዝማል፣ ያጥራል፣ የጉንጭ መደገፊያ አለው። እኔ ሶፋው ላይ የምደገፈው የቴሌቪዥን ሪሞት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ ደግሞ ውሃ ልክ ገጠመላት። አዎ፣ የግንበኛ ውሃ ልክ! አረፋ ያለባት ትንሽ ብልቃጥ።

"እንዳታጋድል ነው አባባ።"

"ግንብ ልትገነባባት ነው?"

አልሳቀም። የጠመንጃዋን ማነጣጠሪያ መነጽርም ቀይሮታል። ገና ሳይገጠም ተቀብዬ አየሁበት። የጎረቤት ድመት አጥር ላይ ተኝታለች፣ ጢሟን አንድ በአንድ ለየሁት። ኢላማው ያለው ሃምሳ ያርድ ላይ ነው፤ ይሄ መነጽር ግን ጎረቤት ግዛት ኦክላሆማን ያሳያል።

አንስቷት ሲወጣ ማን ማንን እንደተሸከመ አይለይም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ጺሜን ስላጭ ጉንጬን ቆረጥኩ። ምላጬ ደንዟል። ጋራዥ ሄድኩ። ጠመንጃዋ ላይ አጎንብሷል።

"ሕዝቄ፣ ምላጭ ያስፈልጋል።"

"ምላጭ?" ቀና አለ።

"አዎ። ያለው ይጎትታል። ቀለል ያለ ፈልግ።"

ፊቱ በራ። "አባባ! እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር! ስስበው ይከብደኛል!"

ስስበው? ጣቱን አየሁ። ጣቱ የጠመንጃዋ ምላጭ ላይ ነው።

አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት።

ጥፋቱ የማን ነው? የአማርኛ ነው። ጺም የሚላጨውንም ጥይት የሚያስወነጭፈውንም በአንድ ስም የጠራው ማን ነው? እኔ አይደለሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ምላጭ መጣ። የእሷ። የእኔ አልመጣም።

"ትንፋሽ ይበቃዋል አባባ! ትንፋሽ!"

ጺሜ እያደገ ነው። ነጭ። ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ያለችው የልጅ ልጄ ፅዮን ትናንት መጥታ ነበር። "አባባ፣ ጺምህ ሶ ኩል ነው! እሱን አትቁረጥ፣ ኦኬ?" አለችኝ። በምን እቆርጠዋለሁ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ከየት ልጀምር?

ሌላው ሰው ጠመንጃ ይዞ መጣ፤ እኛ ዕቃ ጭነን መጣን። ጎማ ያለው ሻንጣ፣ ምንጣፍ፣ ትራስ... ድግስ የምንጥል ነው የምንመስለው። ገመቹ ከጎናችን ቆሎ ይቆረጥማል። የተዋሳት ጠመንጃ ሰደፏ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

"ሕዝቄ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ኢንሹራንስ አለው?"

"ሳቅ፣ ሳቅ። ተርኪዋ መኪናዬ ላይ ስትጫን ታያለህ።"

እውነት ለመናገር ደህና ተኮሰ። እየመራም ነበር። ክፍሌ ስትርቅ ታየችኝ። የመጨረሻዋ ጥይት ቀረች። ውሃ ልኩን አየ። አንዱን እግር አሳጠረ። ደግሞ አየ። ሌላውን አስረዘመ። ጠመንጃዋን ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርጋት፣ ጣቱ ምላጩን ነካ ይሁን ሊነካ ሲል... ጧ!

የኢላማ ወረቀቶቹን አየን።

የሕዝቅያስ ወረቀት ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም። የገመቹ ወረቀት ላይ፣ እምብርቱ ላይ፣ አንድ ያማረ ቀዳዳ አለ።

ዳኛው ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ነው። ሕጉን አነበበ፣ አብራን የመጣችው ፅዮን ተረጎመችልኝ። "የሌላ ሰው ወረቀት ከመታህ ለአንተ ዜሮ ነው። ለሱ ግን... ማለቴ፣ ወረቀቱ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጥሩ ጥሩዎቹን ይቆጥሩለታል።"

ገመቹ አሸነፈ። ተርኪዋን አቅፎ መጣ። "ሕዝቄ፣ ይችን እኮ አብረን ነው የመታናት!"

ስንመለስ ሕዝቅያስ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ነዳ።

ክፍል አገኘሁ። እልል ልበል?... ነገ እላለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አላልኩም።

ሕዝቅያስ ጋራዡን እያጸዳ ነው። ዓለምጌጥ አላስታወሰችውም፣ ራሱ ጀመረ። ጠመንጃዋን ከነዕቃዋ ሳጥን ውስጥ ቆልፎባታል። በር ላይ ቆሜ በነገር ነካ አደረግኩት።

"እግሮቿንስ የት ትቀብራቸዋለህ?"

"እሺ አባባ።"

እሺ? ይሄ መልስ ነው? ሌላ ጊዜ ቢሆን "ከእርስዎ ጉልበት ይሻላሉ" ይለኝ ነበር። ሌላ ሞከርኩ።

"ተርኪዋ ስልክ አልደወለችም?"

"እሺ አባባ።"

በአክብሮት ገደለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ግድግዳውን ነጭ ቀባልኝ። ቆንጆ አድርጎ። ብሩሹን አጥቦ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ገመቹ የተርኪዋን ፎቶ ላከ፤ ተጠብሳ፣ ቀልታ። እኛ ቤት ምስር ወጥ ነው። ሕዝቅያስ ስልኩን ብዙ አየው። የማሾፊያ ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። በምስር ዋጥኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ይህን የምጽፈው በገዛ ክፍሌ፣ በሬን ቆልፌ፣ ብቻዬን፣ በፍጹም ጸጥታ ውስጥ ነው።

ጠዋት መጋረጃ ሊሰቅልልኝ መጣ። መሰላል ላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ።

"አባባ፣ ጺምዎን ምነው ተዉት? ስእለት ነው?"

"ምላጭ የለኝማ።"

"ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?"

"ነግሬህ ነበር። ያለው ይጎትታል፣ ቀለል ያለ ፈልግ ብዬ።"

ነገሩ ከጆሮው እስከ ልቡ ሲጓዝ ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር። ከመሰላሉ ወረደ።

"አባባ..."

"አቤት።"

"ያ... የጺም ነበር?"

"የጺም።"

"እና ዝም አሉኝ?!"

"ደስ ሲልህ አየሁ። ደስታህን ላቋርጥ?"

መሰላሉ ሥር ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አስለቀስኩት ብዬ ክው አልኩ። ለካ ሳቅ ነው!

"ዓለም! ዓለምጌጥ! ነይ የአባትሽን ጉድ ስሚ! እኔ ለሳቸው ሽበት ነው ለካ ተርኪ ያጣሁት! እኚህ ሽማግሌ!"

ሽማግሌ አለኝ። "እሺ አባባ" አላለኝም። ጆሮዬ ጠግቦ በላ።

አንድ ነገር ላርም። በሬን ቆልፌ፣ ብቻዬን፣ በጸጥታ... ያልኩት ፈጠራ ነው። ሌላው ሁሉ እውነት ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሕዝቅያስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጠመንጃዋን የድሮ ምላጭ እየመለሰ ነው። ብሎን ጠፍቶበት ብርድ ልብሴን ያራግፋል፣ ያጉረመርማል። ተነስ፣ ውጣልኝ ልለው አልችልም። የበሩ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንደኛውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።